ጆሯቸው ለደከመ፣ ሚዛናቸው ለሚዋዥቅ አረጋውያን ምን ይገዛ? በድሬዳዋና በሐረር የሚገኙ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ሲመዘኑ

ለእናት ወይም ለአባት «እንዳይወድቁብን» ተብሎ የሚገዛ ዕቃ ድሬዳዋም ሐረርም አይጠፋም። የአሉሚኒየም ምርኩዝ አለ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ባለ አራት እግር መደገፊያ (ዎከር) አለ፣ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚያዝ የፕላስቲክ እጀታ አለ፣ ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት አለ፣ ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ድምፅ ማጉያም አለ። ከእነዚህ አንዳንዱ ዳሌ ከመሰበር ያድናል። አንዳንዱ ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ጥቂቱ ደግሞ የተገዛለትን ሰው ራሱ ይጥለዋል። ልዩነቱ በዋጋ አይታወቅም፤ እንዲያውም አጥብቀን ከምንመክራቸው ውስጥ ብዙዎቹ ከርካሾቹ ወገን ናቸው። እዚህ የምንመዝናቸው መስማትም ሚዛን መጠበቅም ለሚቸግራቸው አረጋውያን ምን ያህል እንደሚሆኑ ነው። ለተሰበረ እግር የሚበጀው ለእነሱ ላይበጅ ይችላል።

ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው አንጎሉ ከሦስት ቦታ መረጃ ስለሚደርሰው ነው፦ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከዐይን፣ ከእግር መርገጫና ከመገጣጠሚያ። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ መስሚያውና የሚዛኑ ክፍል ጎን ለጎን ናቸው፤ መልእክታቸውም ወደ አንጎል የሚሄደው በአንድ ነርቭ፣ በ8ኛው የራስ ቅል ነርቭ በኩል ነው። ስለዚህ ጆሮ ሲደክም ሚዛንም አብሮ የሚደክምበት ጊዜ ብዙ ነው። ፍራንክ ሊንና ሉዊጂ ፌሩቺ በ2012 አሜሪካ ውስጥ ባወጡት ጥናት፣ 25 ዴሲቤል የሚሆን ቀላል የመስማት ጉድለት ያለባቸው ሰዎች ባለፈው ዓመት ወድቀው የመገኘት ዕድላቸው ደህና ከሚሰሙት 3 እጥፍ ገደማ ነበር። ጉድለቱ በ10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ዕድሉ በ1.4 እጥፍ ያድግ ነበር።

ጆሮ መረጃ መስጠት ሲያቆም አረጋዊው በዐይኑና በእግሩ ተማምኖ ይኖራል። ቀን በደረቅ ወለል ላይ ደህና የሚራመዱ ሰዎች ሌሊት መብራት ጠፍቶ ወፍራም ስጋጃ ላይ ሲቆሙ የሚወድቁት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚወሰዱባቸው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ በአንድ ጥያቄ እንመዝነዋለን፦ ለዐይን፣ ለእግር ወይም ለእጅ መረጃ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ምርኩዝ

ከሁሉ በፊት የሚገዛው ይኸው ነው። ብዙ ቤተሰብ ምርኩዝን ክብደት መሸከሚያ ብቻ አድርጎ ስለሚያየው «አባባ ገና እግራቸው ደህና ነው» እያለ ያዘገየዋል። ለሚዛን ችግር ግን ዋናው ጥቅሙ መሬቱ የት እንዳለ ለእጅ መንገሩ ነው። ጄካና ላክነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እንዳሳዩት፣ ቆሞ ያለ ሰው አንድ ቋሚ ነገር በጣቱ ጫፍ ከ100 ግራም ባነሰ ጫና ሲነካ ብቻ የሰውነቱ መወዛወዝ በግልጽ ይቀንሳል። እጅ ይህን ያህል ስሜት አለው።

ጥቅሙ የሚገኘው ግን ቁመቱ ልክ ከሆነ ነው። አረጋዊው ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጃቸውን ወደ ታች ይልቀቁ፤ ከመሬት እስከ አንጓቸው መታጠፊያ መስመር ድረስ ለኩ። የምርኩዙ መያዣ እዚያ ላይ መድረስ አለበት። ያን ጊዜ ሲይዙት ክርናቸው ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ከዚህ ከረዘመ ትከሻቸው ወደ ላይ ይገፋና ወደ ኋላ ያዘነብላሉ፤ ካጠረ ወደ ፊት ይጎነበሳሉ፣ ሲጎነበሱ ደግሞ ዐይናቸው ከመንገዱ ወደ እግራቸው ይወርዳል። የእንጨት ምርኩዝ ከሆነና መቆረጥ ካለበት፣ ጎማውን ካጠለቃችሁ በኋላ ለኩ። ጎማው ራሱ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ይህን ረስቶ የቆረጠ ሰው ረጅም ምርኩዝ ይዞ ይቀራል።

ቁመቱ የሚስተካከለውን የአሉሚኒየም ምርኩዝ ስትገዙ የምትጫነው ትንሿ ቁልፍ ከቀዳዳዋ ሙሉ በሙሉ ብቅ ማለቷን በጣት ዳብሱ። ግማሽ የወጣች ቁልፍ ክብደት ሲያርፍባት ትገባለች፣ ምርኩዙም ሰውየው ደረጃ ላይ እያለ ድንገት ያጥራል። ከቁልፏ በታች ያለውን ማጥበቂያ ቀለበት አጥብቁ፤ የሚንኳኳ ምርኩዝ ለእጅ የሚሰጠው መረጃ የተዛባ ነው። ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ለእነዚህ ሰዎች አይሆንም፤ መጋጠሚያዎቹ በጊዜ ብዛት ይላላሉ።

ከታች አራት ትንንሽ እግሮች ያሉት ምርኩዝ ያለ ሰው ድጋፍ ስለሚቆም ብዙ ሰው ያምረዋል። ለሴራሚክና ለሊሾ ወለል፣ ለድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር አስፋልትም ጥሩ ነው። በሐረር ግንብ ውስጥ ላለው ለጀጎል የድንጋይ መንገድ ግን አንመክረውም። አራቱም እግሮች እኩል ካላረፉ ምርኩዙ ይወዛወዛል፤ ወጣ ገባ ድንጋይ ላይ ደግሞ እኩል አያርፉም። ሐረር ግንቡ ውስጥ ለሚኖር ሰው ባለ አንድ እግር ምርኩዝ ከሰፊ ጎማ ጋር የተሻለ ነው። ባለ አራት እግሩን ከገዛችሁ ሰፊው ጎን ወደ ውጭ፣ ጠባቡ ወደ ሰውየው እግር ይዙር፤ ተገልብጦ ሲያዝ እግር ያደናቅፋል።

ድሬዳዋ ላይ ፀሐዩን ሽሽት ጃንጥላ ይዘው የሚወጡ አረጋውያን መንገድ ላይ ያንኑ ጃንጥላ ይመረኮዙታል። ጫፉ ብረት ወይም ጠጣር ፕላስቲክ ስለሆነ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፤ ዘንጉም የሰው ክብደት እንዲችል አልተሠራም። በአንድ እጅ ምርኩዝ፣ ለፀሐዩ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ወይም ነጠላ ይሻላል። አንድ እጅ ምንጊዜም ባዶ መሆን አለበት፤ ደረጃ ላይ መደገፊያውን የሚይዘው እሱ ነው።

ጎማው ከምርኩዙ ሁሉ ርካሽ ክፍል ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚጥለውም እሱ ነው። ከታች ያሉት ቀለበቶች ሲላጩ፣ በአንድ ጎን ሲያልቅ ወይም ሲሰነጠቅ መቀየር አለበት። ሙቀትና ፀሐይ ጎማን ስለሚያደርቁት ድሬዳዋ ላይ ሳያልቅም ይጠጥራል፤ በጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጉድ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ሲገዙ ምርኩዙን ይዞ መሄድ ይሻላል፤ 19 ሚሊ ሜትርና 22 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በዐይን አይለዩም፣ የሰፋ ጎማ ደግሞ በመሃል መንገድ ይወልቃል። ሁለት ገዝታችሁ አንዱን አስቀምጡ። ቤት ውስጥ ያለው የአያት ከዘራም ቢሆን ጫፉ ላይ ጎማ ከገባለትና ቁመቱ ልክ ከሆነ ከአዲሱ አያንስም።

ዎከር

ዎከርን በቸልታ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። መንኮራኩር የሌለው፣ እየተነሣ የሚቀመጠው ዓይነት ለሚዛን ችግር አስቸጋሪ ነው፦ ሰውየው ባነሣው ቁጥር ለዚያች ቅጽበት የሚደገፈው ነገር የለም፤ ክንዶቹ ወደ ፊት፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። የፊት ሁለት እግሮቹ መንኮራኩር ያላቸው፣ የኋላዎቹ ጎማ የሆኑት ለቤት ውስጥ የተሻሉ ናቸው፤ ሳይነሡ ይገፋሉ። ባለ አራት መንኮራኩሩ፣ መቀመጫና የእጅ ፍሬን ያለው ለሜዳማ አስፋልት ነው፤ ከዚራ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ለመንሸራሸር ይመቻል። ቁልቁለት በበዛበት ሐረር ግን ከሰው እጅ ያመልጣል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ግፉት፤ ከተንከባለለ አትግዙት። ሰው ከመቀመጡ በፊት ፍሬኑ ወደ ታች ተጭኖ መቆለፍ አለበት፣ ጀርባውም ወደ ግድግዳ ይሁን።

ከመግዛታችሁ በፊት የመታጠቢያ ቤቱን በር ለኩ። ብዙዎቹ ዎከሮች ወርዳቸው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በሩ ከዚያ ከጠበበ አረጋዊው ዎከሩን ውጭ ትተው ከሁሉ ይልቅ በሚያንሸራትተው ክፍል ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። በባጃጅ የሚሄዱ ከሆነም መታጠፉን እዩ።

ጫማ

ስፖንጅ የሞላው «ለስላሳ» ሸበጥ ለአረጋዊ ምቹ መስሎ ይገዛል። የጆሮው ሚዛን ለደከመ ሰው ግን ከመጥፎዎቹ አንዱ ነው፤ እግር መሬቱን እንዳይሰማ ያደርጋል። ነጠላ ጫማም ተረከዝ ስለማይዝ እግር እየጎተቱ መሄድን ያስለምዳል። የሚፈለገው ተረከዙ የተዘጋ ወይም ከኋላ ማሰሪያ ያለው፣ ሶሉ ቀጭንና ጠንከር ያለ፣ ከታች ጥርስ ያለው ጫማ ነው። ስትገዙ ሶሉን በሁለት እጅ ጠምዝዙት፤ እንደ ጨርቅ ከተጠመዘዘ ተዉት። ካልሲ ብቻ አድርጎ ሴራሚክ ላይ መሄድ ጨርሶ ይቅር። እግረ መንገዳችንን፣ ድሪያ ወይም ሌላ ረጅም የቤት ልብስ የሚለብሱ እናቶች ጠርዙ ከቁርጭምጭሚት በላይ እንዲሆን ያሳጥሩት፤ ደረጃ ሲወጡ የልብሳቸውን ጫፍ ረግጠው የሚወድቁ ብዙ ናቸው።

መታጠቢያ ቤት

በአየር ተጣብቆ የሚያዘው የፕላስቲክ እጀታ እዚህ ከምንመዝናቸው ዕቃዎች ሁሉ የመጨረሻው ነው። አትግዙት። የሚጣበቀው ፍጹም ለስላሳና ደረቅ በሆነ ትልቅ ሴራሚክ ላይ ብቻ ነው፤ በሁለት ሴራሚኮች መካከል ያለው መስመር አየር ያስገባል፣ ሳሙናና እንፋሎት ያላቅቁታል። ክፉቱ ያልተጫነበት ጊዜ ሁሉ የያዘ መምሰሉ ነው። አረጋዊው አምነውት ሙሉ ክብደታቸውን ሲጥሉበት ከነሱ ጋር ይመጣል።

የምንመክረው ብየዳ ቤት የሚሠራ የብረት መያዣ ነው። ባለ 1 ኢንች ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእጅ አያያዝ ከሚመከረው ከ32 እስከ 38 ሚሊ ሜትር መካከል በትክክል ይገባል። ባለ 2 ኢንቹ ጠንካራ ቢመስልም የአረጋዊ እጅ አይጨብጠውም። ከግድግዳው እስከ ቧንቧው 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ይኑር፦ ጣት እንዲገባ፣ ክንድ ግን ሾልኮ እንዳይቀረቀር። ከወለሉ ያለው ከፍታ ከ84 እስከ 91 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጫፎቹ ወደ ግድግዳው ይታጠፉ፣ ልብስ እንዳይዙ። ቀለሙ ከሴራሚኩ የተለየ ይሁን፤ ነጭ ግድግዳ ላይ ነጭ ብረት ዐይኑ ለደከመ ሰው የለም ማለት ነው።

ዋናው ነገር ግን አተካከሉ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በተራ ፊሸርና ብሎን የተያዘ ብረት ይነቀላል። ወይ ግድግዳውን በስተህ ብሎኑን ከወዲያ ማዶ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር በሆነ የብረት ጠፍጣፋ አስረው፣ ወይ ብሎኬቱን ከፍተህ በኮንክሪት ሙላውና ከ7 ቀን በኋላ ሥራ ብላችሁ ለባለሙያው ንገሩት። የጀጎል የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን ብሎን አይይዝም፤ እዚያ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚቆም ወይም ወለሉ ላይ በኮንክሪት የተቀበረ ቋሚ ብረት ይሻላል። ሲያልቅ አንድ ጎልማሳ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ወደ ታችም ወደ ጎንም ይጎትተው። ከነቃነቀ ገንዘቡ አይከፈል።

ቁጢጥ ብለው ለሚጠቀሙበት ሽንት ቤት መሃሉ የተከፈተ የብረት ወንበር ይሠራል ወይም ይገዛል። የመቀመጫው ከፍታ ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ እግሮቹ ጎማ ይኑራቸው። የፕላስቲክ ወንበር መሃሉን ቆርጦ መጠቀም አደገኛ ነው፤ የተቆረጠው ይሰነጠቃል፣ እግሮቹም እርጥብ ሴራሚክ ላይ ይከፈታሉ።

ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉ አረጋውያን በቆሙበት አንድ እግር አንሥተው ቧንቧ ሥር ሲያጥቡ በእርጥብ ወለል ላይ በአንድ እግር ቆመዋል ማለት ነው። ጠንካራ ወንበርና ማንቆርቆሪያ ይህን ሙሉ በሙሉ ያስቀረዋል። ከታች ጡት ጡት ያለው የሻወር ምንጣፍ ለስላሳ ሴራሚክ ላይ ይሠራል፤ ሻካራ ሲሚንቶ ላይ ግን አይጣበቅም፣ ራሱ ይንሸራተታል። በየጊዜው ተገልብጦ ካልታጠበም ከሥሩ የሚቀረው ሳሙና ያንሸራትተዋል።

ብርሃንና ደረጃ

ሰው ሲያልፍ የሚበራው ባለ ቻርጅ መብራት ለዐይን መረጃ ስለሚጨምር ከምርኩዝ ቀጥለን የምናስቀምጠው ነው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አንዱ አልጋው አጠገብ፣ እግር ወለል ሳይነካ በፊት እንዲበራ ሆኖ ይቀመጥ፤ ሌላው ኮሪደሩ ላይ፣ ሦስተኛው ሽንት ቤቱ በር ላይ። ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይለጠፍ፤ ዐይን ላይ የሚያበራ መብራት ለጊዜው ያሳውራል። ጉድለቱ ብዙዎቹ ከ20 ሴኮንድ በኋላ መጥፋታቸው ነው፤ ቀስ ብለው ለሚራመዱ ያ አይበቃም። የሚቆይበት ጊዜ የሚስተካከለውን ምረጡ፣ ካልተገኘ አጠጋግታችሁ ብዙ ለጥፉ። ሙሉ የሆነ የውሃ ጀሪካን በዚያ መንገድ ላይ አይደርደር፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህ መዘንጋት የለበትም።

የሐረር ጥንታዊ ቤት፣ ገይ ጋር፣ የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነደባዎቹ በተለያየ ከፍታ የተሠሩ መቀመጫዎች ናቸው፤ ወለሉም ነደባውም ቀይ ሲሆን ወይም አንድ ዓይነት ምንጣፍ ሲለብስ ጠርዙ የት እንደሚያልቅ ለደከመ ዐይን አይታይም። በየጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ወይም ቢጫ መስመር በቀለም ማስመር ወይም ሸካራ ፕላስተር መለጠፍ በቂ ነው። ቅርሱን መንካት ካልፈለጋችሁ ምንጣፉ ላይ የተለየ ቀለም ያለው ጠርዝ ይሰፋበት። ባለ ሁለት እይታ መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ወደ ታች ሲያዩ ደረጃው ይደበዝዝባቸዋል፤ ለመውጫና ለመውረጃ ለሩቅ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ መነጽር ይኑራቸው።

የመስሚያ መሣሪያ

ያለ ምርመራ የሚሸጠው ርካሽ ድምፅ ማጉያ ሁሉንም ድምፅ እኩል ያጎላል። የእርጅና የመስማት ጉድለት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጭን ድምፆች ነው፤ ወፍራሞቹን፣ የባጃጁን ሞተርና የጄኔሬተሩን ጉምጉምታ፣ ደህና ይሰማሉ። ማጉያው እነዚህን ሲያገዝፍ ንግግሩ ይበልጥ ይሸፈናል፤ ድምፁ ከልክ ካለፈም የተረፈውን ጆሮ ይጎዳል። አንመክረውም።

መጀመሪያ ጆሮ ይታይ። ኩክ ብቻውን መስማት ይዘጋል። ከጆሮ ፈሳሽ የማይወጣ ከሆነና ታምቡሩ ካልተቀደደ ለብ ያለ የወይራ ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ በቀን ሁለት ጊዜ ለ3 እስከ 5 ቀን ማድረግ ኩኩን ያላላዋል፤ ከዚያ ጤና ተቋም ይታጠባል። የሚታጠብበት ውሃ የሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ውሃ የሚዛኑን ክፍል ያነሣሳና ክፍሉ ሁሉ እንዲዞርባቸው ያደርጋል። ክብሪትና የጸጉር ሽቦ ጆሮ ውስጥ አይግባ። አንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በ3 ቀን ውስጥ ከደነቆረ ደግሞ ይህ ሁሉ ይቅርና በዚያው ቀን ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይሂዱ፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው።

ትክክለኛው የመስሚያ መሣሪያ ከ250 እስከ 8,000 ኸርዝ ባለው ምርመራ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ይስተካከላል። ለአረጋዊ ከጆሮ ጀርባ የሚውለውን ምረጡ፤ ባትሪው ተለቅ ያለ፣ ብርቱካናማ ምልክት ያለው ቁጥር 13 ወይም ሰማያዊው 675 ቢሆን የሚንቀጠቀጥ ጣት ይይዘዋል። ቡናማው 312 እና ቢጫው 10 ትንንሽ ናቸው፣ ይወድቃሉ። መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት ያ ባትሪ ከተማችሁ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ባትሪው ላይ ያለው ልጣጭ ከተነሣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አየር ያግኝ፤ ልጣጩ አንዴ ከተነሣ ባይጠቀሙበትም ይደርቃል፣ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ቶሎ። ሌሊት የባትሪው በር ተከፍቶ፣ መሣሪያው እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ባለበት ዕቃ ውስጥ ይደር፤ ላብ ዋና ጠላቱ ነው። ፉጨት ካሰማ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል ልክ አይደለም ወይም ኩክ አለ።

መውደቅን ይቀንሳል ወይ? በ2015 የታተመ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 14 ሰዎች ብቻ የተሳተፉበት ትንሽ ጥናት መሣሪያው ሲበራ ሰዎቹ ስፖንጅ ላይና እግር በእግር ቆመው ሚዛናቸውን የተሻለ እንደጠበቁ አሳይቷል። 14 ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ መሣሪያውን በምርኩዝ ፈንታ አትግዙት። ከኋላ የሚመጣ ባጃጅ የሚሰማ ሰው ግን ደንግጦ አይዞርም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ይገባል፣ በተለይ ለሁለቱም ጆሮ ሲሆን ድምፁ ከየት እንደመጣ ስለሚለይ።

የማዞር መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ

ፋርማሲ ገብቶ «ለማዞር» ብሎ ሲናሪዚን መግዛት የተለመደ ነው። ለአጭር ጊዜ ከባድ ማዞር ይረዳል። በየቀኑ ለወራት ሲወሰድ ግን እንቅልፍ ያመጣል፣ አንጎል ጉድለቱን እንዳይላመድ ያደርጋል፣ አረጋውያን ላይም እንደ ፓርኪንሰን ያለ መንቀጥቀጥና መገተር ሊያስከትል ይችላል። ዳያዜፓምና አሚትሪፕቲሊንም የመውደቅ አደጋ ይጨምራሉ፤ ጄንታማይሲን ደግሞ ራሱን የሚዛኑን ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሐኪሙ ፊት ዘርግፉ። ያለ ሐኪም ምክር ግን ምንም አታቋርጡ።

ማዞሩ አልጋ ላይ ሲገላበጡ፣ ለሱጁድ ወይም ለስግደት ሲደፉ መጥቶ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚቆይ ከሆነ ብዙ ጊዜ መንስኤው ከቦታቸው ወጥተው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ግማሽ ክብ ቱቦ የገቡ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ናቸው። ለዚህ ክኒን አይረዳም፤ የሚረዳው ኤፕሊ የተባለው ራስን የማዞር ሕክምና ነው። ታማሚው አልጋ ላይ ተቀምጦ ራሱ በ45 ዲግሪ ወደ ታመመው ጎን ይዞራል፤ ጀርባው ላይ ተኝቶ ራሱ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ራሱ በ90 ዲግሪ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፤ ከዚያ አካሉ በዚያው ጎን ተኝቶ ፊቱ ወደ ወለሉ ያያል፤ በመጨረሻ ይቀመጣል። በየደረጃው ማዞሩ እስኪቆም፣ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ይቆያል። የታመመውን ጎን የሚለየው ባለሙያ ስለሆነ መጀመሪያ በባለሙያ እጅ ይሁን፤ አንገት ለሚያማቸው በተለይ። እስኪሻላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይስገዱ፤ ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ ይቁም።

ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ ወይም የግል ክሊኒክ ስትሄዱ አገልግሎቱ ጥሩ መሆኑን የምታውቁት በሚለኩት ነገር ነው። ጥሩ ባለሙያ ደም ግፊትን ተኝተው፣ ከዚያም ቆመው በ3 ደቂቃ ውስጥ ይለካል፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ የሚጥላቸው ጆሮ ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ ላይ በሙቀት የሚጠፋው ፈሳሽና በጾም ወራት የሚቀንሰው ውሃ ይህን ያባብሱታል። ከወንበር ተነሥተው 3 ሜትር ሄደው ተመልሰው እስኪቀመጡ በሰዓት ይያዛል፤ 12 ሴኮንድና ከዚያ በላይ የመውደቅ ስጋት ምልክት ነው። ጫማቸውን አውልቆ ያያል፣ ምርኩዛቸውን ይለካል። በሙቀት መብራትና በማሸት ብቻ የሚያሰናብት ቦታ ለዚህ ችግር አይሆንም።

ለቤት የሚሰጠው እንቅስቃሴም ሚዛንን የሚፈትን መሆን አለበት። በ2019 የተጠቃለሉ ጥናቶች እንዳሳዩት የአካል እንቅስቃሴ መውደቅን በ23 ከመቶ ይቀንሳል፤ ዋናው ድርሻ የሚዛንና የእግር ጥንካሬ ልምምድ ነው። ግድግዳ ጥግ ቆመው፣ ከፊታቸው ወንበር አድርገው፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት ገጥመው 10 ሴኮንድ መቆም፤ ያለ እጅ ድጋፍ ከወንበር 10 ጊዜ መነሣት፤ አውራ ጣትን ከፊት ዘርግቶ ዐይን እሱ ላይ ሳይነቀል ራስን ግራና ቀኝ ለ1 ደቂቃ ማዞር። የመጨረሻው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያዞራል፤ መጠነኛ ከሆነና ቶሎ ከቆመ አይቋረጥ፣ አንጎል የሚላመደው በዚያ ነው። የሚዛኑና የእግሩ ልምምድ በሳምንት 3 ቀን፣ የዐይኑ በየቀኑ፤ ሁልጊዜ ሰው አጠገባቸው እያለ። ከ6 ሳምንት በኋላ የ3 ሜትሩ ሰዓት እንደገና ይለካ፤ ካልቀነሰ ልምምዱ እንዲቀየር ባለሙያውን ጠይቁ።